ሚኒማ ያሟላ ሁሉ ኦሊምፒክ አይገባም

ሚኒማ ማለት አትሌቱ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ፣ እውቅና ባለው ውድድር ላይ ሊያስመዘግበው የሚገባ ሰዓት ነው። ለፓሪስ 2024 ማራቶን ለወንዶች 2:08:10፣ ለሴቶች 2:26:50 ነበር። ለኢትዮጵያውያን ይህ ብዙም አያስጨንቅም፤ የሚያሟላው ብዙ ነው። ችግሩ ኮታው ላይ ነው፦ አንድ አገር በአንድ ርቀት ከሦስት አትሌት በላይ አያሰልፍም። ስለዚህ ሦስቱን የሚመርጠው አገሩ ነው፤ በየኦሊምፒኩ የምንሰማው ጭቅጭቅም ከዚህ ይመጣል።

በዓለም ሻምፒዮና አራት ኢትዮጵያውያን በአንድ ርቀት ሲሮጡ ያያችሁ ግራ አይግባችሁ። እዚያ ያለፈው ሻምፒዮን ከኮታው ውጪ በቀጥታ ይገባል፤ ኦሊምፒክ ላይ ግን ይህ የለም።

የቡድኑ ዝርዝር ሲወጣ ታዲያ ተጠባባቂውንም እዩ። ታምራት ቶላ ፓሪስ ላይ በ2:06:26 ወርቅ ያጠለቀው ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ተተክቶ ገብቶ ነው።