ጀበና ከአናቱ ሲታይ
ጀበናን ከአናቱ ቀጥ ብላችሁ እዩት። ሆዱ ክብ ነው፣ አፉም ሌላ ትንሽ ክብ። ያ ረጅም አንገት የለም። ቢሆንም ቡና የለመደ ሰው ይለየዋል። እንዴት? እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው ወሬ የሚበዛው።

«አንጎል ፎቶ አስቀምጦ ያመሳስላል።»

እንዲያ ቢሆን ለአንድ ጀበና ብቻ ስንት አልበም ይበቃ ነበር? የአንጎል ተመራማሪው ሎጎቴቲስና ባልደረቦቹ በ1995 ባሳተሙት ጥናት ጦጣዎችን አይተውት ከማያውቁት ቅርጽ ጋር አለማመዱ። ከዚያ በአንጎል ጎን፣ ታችኛው በኩል ያሉ ነርቮችን አዳመጡ። አብዛኞቹ ነርቮች አንድ እይታ ሲመጣ ይነቃሉ፤ ቅርጹ ሲዞር እየደከሙ ይሄዳሉ። ከየትም ቢታይ የሚነቁት ጥቂት ናቸው። አንጎል ጥቂት እይታዎችን ይይዝና የመሀሉን ራሱ ይሞላል ማለት ነው።

«አንዴ ያወቅነውን ከየትም አቅጣጫ እኩል እናውቃለን።»

አናውቅም። ማዕዘን ዋጋ ያስከፍላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሼፓርድና ሜትዝለር በ1971 ሁለት የኩብ ቅጥልጥል ሥዕሎችን አሳይተው «አንድ ናቸው ወይስ አይደሉም?» ብለው ጠየቁ። አንዱ ከሌላው ለዞረበት ለእያንዳንዱ 60 ዲግሪ መልሱ 1 ሰከንድ ገደማ ዘገየ። የምናውቀው ድስት ላይ ግን ያን ያህል አንዘገይም።

«ፊትም እንደ ዕቃ ነው።»

ፊት ሲዘቀዘቅ ከዕቃ የባሰ ያስቸግራል። ተመራማሪው ፒተር ቶምፕሰን በ1980 የያኔዋን የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የማርጋሬት ታቸርን ፎቶ ወስዶ ዓይኗንና አፏን ብቻ ገለበጠ። ፎቶው ተዘቅዝቆ ሲታይ ደህና ነገር ይመስላል። ቀና ስታደርጉት ግን ያስደነግጣል!

«ልጁ ፊደል ገልብጦ ከጻፈ ጭንቅላቱ ችግር አለበት።»

ይቺ በጣም ታናድደኛለች፤ ስንቱ ልጅ በዚህ ተቆንጥጧል። ሲኒ ቢደፋም ሲኒ ነው። ወደ ግራ ታይ የነበረች ላም ወደ ቀኝ ብትዞር ያችው ላም ናት። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ የተማረው ይህንን ነው። ፊደል ላይ ሲደርስ ግን ሕጉ ይፈርሳል፦ ሀ ቢደፋ ለን ይመስላል፣ ሠ ቢደፋ ሐን። ጽሕፈት በሚጀምሩ ልጆች ዘንድ ገልብጦ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ብዙዎቹ እየተለማመዱ ይተዉታል። ከዓመታት በኋላም ካልለቀቀና ንባቡም አብሮ ከከበደ ባለሙያ ማማከር ነው። ከዚያ በፊት ግን ልጁን ተዉት። ሌላ ቦታ ሁሉ የሚጠቅመውን ሕግ ለፊደል ብቻ እንዲተው እየጠየቃችሁት ነው።