«አንዷን ጀባ በለኛ!»፦ መጽሐፍ በራስ ስለማሳተም ደሴ ላይ የሚወሩ ወሬዎች

ከሦስት ዓመት በፊት የአጫጭር ልብ ወለድ መድበል በራሴ ወጪ አሳተምኩ። 1,500 ቅጂ። ከዚያ ወዲህ ረቂቅ ያለው ሰው ሁሉ ፒያሳ ቡና ይጋብዘኝና ምክር ይጠይቀኛል። ይዞት የሚመጣው ግምት ግን ያው ነው። አልፈርድበትም፤ እኔም አምኜበት ነበር።

«በራሱ ያሳተመው አሳታሚ ቢያጣ ነው»

እዚህ አገር ስመ ጥር የሆኑትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ማተሚያ ቤት ደጅ ጠንተው፣ ከአከፋፋይ ተከራክረው ነው የሚያሳትሙት። ወሎ ደግሞ መጽሐፍን በገዛ እጅ ለማዘጋጀት እንግዳ አይደለም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ፣ ብራና እየተፋቀ ወንጌል ይጻፍ ነበር። አሳታሚ የጠበቀ አልነበረም።

«ብዙ ባሳተምኩ ቁጥር ይረክስልኛል»

እኔን የበላኝ ይሄኛው ነው። ግማሹ እውነት ስለሆነ ያታልላል። በኦፍሴት፣ በማተሚያ ቤቱ ትልቅ ማሽን፣ ሲታተም የፕሌት (ገጹ የሚቀረጽበት ሰሌዳ) እና የማሽን ዝግጅት ወጪ አለ። መቶ አተማችሁ ሺህ፣ ይህ ወጪ አይቀየርም። ስለዚህ ቅጂው ሲበዛ የአንዱ ዋጋ ይወርዳል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። 500 ቅጂ ሲታተም አንዱ 200 ብር፣ 1,500 ሲታተም አንዱ 140 ብር ይመጣል እንበል። የ60 ብር ልዩነት ያስጎመጃል። ግን የመጀመሪያው 100,000 ብር ነው፤ ሁለተኛው 210,000። የሸጣችሁት 500 ብቻ ከሆነ፣ እያንዳንዱ የተሸጠ መጽሐፍ 420 ብር ወጥቶበታል። ረከሰ ያላችሁት መጽሐፍ ከእጥፍ በላይ ተወደደ ማለት ነው።

የቀረውስ? የኔው አልጋ ስር ነው። የደሴን ጭጋግ ታውቁታላችሁ። ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፤ ሽፋኑ ይጠቀለላል።

ለአዲስ ጸሐፊ በዲጂታል፣ ከኮምፒውተር በቀጥታ፣ 100 ቅጂ አስወጥቶ መሞከር ይሻላል። ፕሌት የለውም። አንዱ ይወደዳል፤ ይወደድ። ገጹንም ቁጠሩ። አብዛኛውን ጊዜ በ16 ገጽ ፎርም፣ ማለትም ታጥፎ 16 ገጽ በሚወጣው ትልቅ ወረቀት፣ ነው የሚታተመው፤ 160 ገጽ 10 ፎርም ይሆናል። እኔ 163 ገጽ ይዤ ሄጄ፣ ለሦስት ገጽ ብዬ ተጨማሪ ወረቀት ከፈልኩ። ያውም አንዱ ገጽ የምስጋና ነበር።

«ቁጥሩን ካወጣሁ መብቴ ተጠበቀ»

ከጀርባው ሽፋን ላይ የሚታየው ባለ 13 አኃዝ ቁጥር፣ አይኤስቢኤን የሚሉት፣ እንደ ቤት ቁጥር ነው፤ መጽሐፉን ይለያል እንጂ ባለቤት አያደርግም። እኛ አገር የሚሰጠው ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ነው። መብታችሁ የሚመነጨው ግን ከቅጂ መብት አዋጁ፣ ከአዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ሥራው ወጥ ከሆነና ከጭንቅላት ወጥቶ በጽሑፍ ከሰፈረ፣ ሳይመዘገብም ጥበቃ አለው፤ በሕይወት ዘመናችሁና ከሞታችሁ በኋላ 50 ዓመት። አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገቡ ጭቅጭቅ ሲመጣ ለማስረጃ ይረዳል። ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ የሚበትነውን ግን አዋጁ በራሱ ተነሥቶ አይዘውም። ተከታትሎ ማስወረድ የእናንተ ሥራ ነው።

«ምረቃው ከደመቀ መጽሐፉ ይሸጣል»

አዳራሽ ተከራየሁ። ባነር አሠራሁ። ለስላሳ በሣጥን አስገባሁ። አዳራሹ ጢም አለ፤ አጎቴ ንግግር ሲያደርግ ሦስት ጊዜ አለቀሰ። የተሸጠው 41 ነው።

የቀረው ሰው እየሳመኝ ምን አለ? «አብሽር፣ ኮርተንብሃል! አንዷን ጀባ በለኛ!»

ወሎ ተወልዶ «ጀባ በለኝ» ያለን ሰው ማን እንቢ ይላል? ፈርሜ ሰጠሁ። ወደ 70 ቅጂ። ሰዉ ስስታም ሆኖ አይደለም፤ ቡና በነፃ በሚጠጣበት ድግስ መሐል መጽሐፉም የድግሱ አካል ይመስላል። እኔም ዋጋውን አፌን ሞልቼ አልተናገርኩም፤ አፈርኩ። አሁን ጀባ ሲሉኝ «ቡናው በኔ፣ መጽሐፉ በናንተ» እላለሁ። ይስቃሉ። አብዛኞቹ ይከፍላሉም።

«ላይክ ያደረገ ይገዛል»

የሽፋኑ ፎቶ 900 ላይክ አገኘ። አራት ሸጠልኝ። አንድ ሙሉ ታሪክ ለጥፌ ከሥሩ የቴሌብር ቁጥሬን ያስቀመጥኩ ቀን ላይኩ ትንሽ ነበር፤ ገዢው ግን ተሻለ።

«አዲስ አበባ ካልገባ አልታተመም»

አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ መደብር ውስጥ 200 ቅጂ በአደራ አስቀመጥኩ። ሒሳብ ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ፤ «ባለቤቱ የሉም» ተባልኩ። የትራንስፖርቱ ወጪ ከሽያጩ በለጠ።

የሸጡልኝ ሌሎች ናቸው። ኮምቦልቻ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት። ሐይቅ አንድ ፋርማሲ፣ እውነቴን ነው፤ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ያገላብጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወልድያ ያለች አንዲት የአማርኛ መምህርት። መጀመሪያ 30 በሚኒባስ ላኩላት። ገንዘቡን በሳምንቱ በቴሌብር ላከች፣ ኮሚሽኗን ቀንሳ።

ባለፈው ሐሙስ ደወለች። «አልቋል፤ 20 ጨምርልኝ። ግን አደራህን፣ ሽፋኑ ያልተጠቀለለ።» አልጋ ስር ገብቼ ስመርጥ አመሸሁ። 14 አገኘሁ።