ርስት በሸራ ላይ፦ የአውስትራሊያ በረሃ ሥዕል

የአውስትራሊያ ምዕራባዊ በረሃ ነባር ሕዝቦች ሥዕል ስለ መሬት ነው። መሬቱ የማን እንደሆነ፣ ውኃው የት እንደሚገኝ፣ የጥንት አባቶች በየት በኩል እንዳለፉ ይናገራል። ክብ በክብ ውስጥ ሲሣል የውኃ ጉድጓድ ወይም ሰፈር ሊሆን ይችላል። የፈረስ ኮቴ የሚመስለው ምልክት ደግሞ መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። እነዚህ ምልክቶች ድሮ የሚሣሉት በአሸዋ፣ በሰው ገላና በሥርዓት ዕቃዎች ላይ ነበር።

ወደ ሸራ የመጡት ፓፑንያ በምትባል መንደር ነው። በአውስትራሊያ መካከል ካለችው ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንግሥት ፒንቱፒን፣ ሉሪቻን፣ ዋርልፒሪንና ሌሎችንም ሕዝቦች ከየአገራቸው አምጥቶ እዚያ አስፍሯቸው ነበር። በ1971 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በመምህሩ ጄፍሪ ባርደን አበረታችነት፣ ሽማግሌዎች ከጥንት አባቶቻቸው አንዱ የሆነውን የማር ጉንዳንን ታሪክ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሣሉ። በዓመቱ ፓፑንያ ቱላ የተባለው ድርጅት ተቋቋመ። ባለቤቶቹ ሠዓሊዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ማንም ተነስቶ ያሻውን አይሥልም። ታሪኩን የመሣል መብት በዘር ሐረግ ይወርዳል፤ የሌላውን ታሪክ ያለፈቃድ መንካት ከባድ ጥፋት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሸራዎች ላይ ለሁሉም ሰው የማይገለጡ ምስጢራት መታየታቸው ብዙዎችን አስቆጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሠዓሊዎቹ የሚያሳዩትንና የሚሸሽጉትን መለየት ጀመሩ።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የንጉራራ ሸራ ነው። የግሬት ሳንዲ በረሃ ነባር ሕዝቦች የሆኑት ዋልማጃሪ፣ ዋንካጁንጋ፣ ማንጋላና ጁዋሊኒ መሬታቸውን በሕግ ለማስመለስ ጠይቀው ነበር። ጥያቄው ግን በእንግሊዝኛና በሕግ ቋንቋ የሚታይ ነው። ሽማግሌዎቹ በዚያ ቋንቋ አገራቸውን እንዴት ያስረዱ? ስለዚህ በ1997 ፒርኒኒ በተባለ ቦታ ተሰብስበው ባለ 8 በ10 ሜትር ሸራ ዘረጉ። እያንዳንዱ የራሱን አገር፣ የራሱን ውኃ ሣለበት። ከዚያም ሸራውን በጉዳዩ አጣሪዎች ፊት አነጠፉት። ምስክሮቹ በየተራ በሣሉት ቦታ ላይ ቆመው፣ በገዛ ቋንቋቸው መሰከሩ። በ2007 ፍርድ ቤቱ ከ70 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ በሚሆን መሬት ላይ ባለመብትነታቸውን አጸደቀ። አሥር ዓመት መፍጀቱ ያሳዝናል፤ ከጠያቂዎቹ አንዳንዶቹ ውሳኔውን ሳያዩ አልፈዋል።

ገበያው ሌላ ጉዳይ ነው። የፓፑንያው ሠዓሊ ክሊፎርድ ፖሰም ጃፓልጃሪ በ1977 የሣለው ‹ዋርሉጉሎንግ› መጀመሪያ የተሸጠው በ1,200 የአውስትራሊያ ዶላር ነበር። በ2007 ጨረታ ላይ 2.4 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ሠዓሊው ከጨረታው አምስት ዓመት ቀደም ብሎ አርፎ ነበር። በ2010 ሥራ ላይ የዋለ ሕግ አሁን ከዳግም ሽያጭ 5 በመቶውን ለሠዓሊው ወይም ለወራሾቹ ያስከፍላል። በእኔ እምነት በጣም ዘግይቶ የመጣ ሕግ ነው።

ሥዕሉ ሕይወትም አትርፏል። በምዕራባዊው በረሃ ባለችው ኪንቶር መንደር የሚኖሩ የኩላሊት ሕመምተኞች ለእጥበት 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው አሊስ ስፕሪንግስ መቅረት ነበረባቸው። ብዙዎቹ ከዘመድና ከአገር ተለይተው እዚያው ይሞቱ ነበር። በ2000 የፓፑንያ ቱላ ሠዓሊዎች ሥዕሎቻቸውን ሲድኒ ላይ ለጨረታ አቀረቡ፤ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። በዚያ ገንዘብ የተመሠረተው ድርጅት በ2004 በኪንቶር የእጥበት አገልግሎት ከፈተ። ዛሬ በሌሎች ራቅ ያሉ መንደሮችም ይሠራል፤ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ የሚያክም የጭነት መኪናም አለው።