ተሸካሚ ግድግዳ ምንድን ነው? የጋራዥ በር ከመስፋቱ በፊት

በደሴና በኮምቦልቻ የጋራዥ በር ማስፋት የተለመደ ሥራ ሆኗል። አንዱ የገዛው ፒክአፕ አልገባ ስላለው፣ ሌላው ጋራዡን ለሱቅ ማከራየት ስለፈለገ ግንበኛ ጠርቶ ግድግዳ ያስፈርሳል። ይህን አልቃወምም፤ ብዙውን ጊዜም የሚቻል ነው። የምቃወመው ከሥራው በፊት ሁልጊዜ የሚደገመውን «ብሎኬት ነው፣ ተሸካሚ አይደለም፤ ቤቱን የያዘው ኮለኑ ነው» የሚለውን አባባል ነው፤ ኮለን የሚሉት የአርማታውን ምሰሶ ነው። በቅርቡ ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ፣ ግድግዳውን በመዶሻ አንኳኩቶ ድምፁ ባዶ የሆነለት ሰው ያለ መሐንዲስ ማፍረስ እንደሚችል በሙሉ ልብ ሲያስተምር አየሁ። ብሎኬት ድምፁ ባዶ የሚሆነው ውስጡ ክፍት ሆኖ ስለሚመረት ነው፤ ከላዩ ጭነት መኖር አለመኖሩን ድምፁ አይናገርም።

ተሸካሚ ግድግዳ ከራሱ ክብደት ሌላ የጣሪያን፣ የሶሌታን (ከላይ የተዘረጋውን የአርማታ ንጣፍ) ወይም ከበላዩ ያለ ግድግዳን ክብደት ተቀብሎ ወደ መሠረት የሚያወርድ ግድግዳ ነው። ከምን እንደተሠራ በዚህ ውስጥ የለበትም። በአንድ ቤት ውስጥ ብሎኬታቸውም ልስናቸውም አንድ የሆነ ሁለት ግድግዳዎች፣ አንዱ ተሸካሚ ሌላው ክፍል መለያ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሶሌታው ወይም የጣሪያው ወራጅ በየትኛው አቅጣጫ እንደተዘረጋና የት እንዳረፈ ሳያዩ መለየት አይቻልም።

አሁን «ኮለን አለው» ወደሚለው መከራከሪያ ልመለስ። ፎቅ የሌለው የተለመደው መኖሪያ ቤታችን ሲሠራ ብዙ ጊዜ ብሎኬቱ ይደረደርና ቶፕ ታይ ቢሙ (ከላይ ያለው የአርማታ አግድም) በዚያው በብሎኬቱ አናት ላይ ይሞላል። ይህ ቢም የተሠራው የግድግዳዎቹን አናት እርስ በርስ ለማሰር ነው፤ ፌሮው ጥቂት፣ ቁመቱም አነስተኛ ነው። ከሥሩ ዳር እስከ ዳር ግድግዳ ስለነበረው የመጉበጥ ፈተና ደርሶበት አያውቅም። ግድግዳው ከሥሩ ሲነሣ ግን በአንድ ጊዜ የጣሪያውን ክብደት በአየር ላይ ተሸክሞ የሚሻገር እውነተኛ ቢም ይሆናል፤ ለዚያ ደግሞ ማንም አላሰበለትም። ስለዚህ ኮለኖቹ በቦታቸው ቢኖሩም ያ ግድግዳ እስከ ዛሬ ሲሸከም ኖሯል ማለት ነው። በሜትር የሚያርፈው ጭነትና የቢሙ መጠን ሳይለወጡ የበሩ ስፋት ከ2.5 ሜትር ወደ 5 ሜትር ቢያድግ፣ ቢሙን የሚያጎብጠው ኃይል አራት እጥፍ፣ መሐሉ ላይ የሚረግበው መጠን ደግሞ አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። «እጥፍ ሰፋ፣ እጥፍ ፌሮ ጨምር» የሚለው የግንበኛ ስሌት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አሮጌውን ሊንቴል (ከበሩ በላይ ያለውን አግድም ተሸካሚ) በጎን ቀጥሎ ማስረዘምም አይሠራም፤ የታችኛው ፌሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆራረጥ መሄድና ጫፎቹም በቂ ማረፊያ ማግኘት አለባቸው። በበሩ ግራና ቀኝ ያለው ብሎኬት ቀድሞ በሰፊው ይከፋፈል የነበረውን ክብደት አሁን በጠባብ ቦታ ስለሚቀበል፣ ብዙ ጊዜ በቦታው አዲስ ኮለን፣ አንዳንዴም ከሥሩ አዲስ መሠረት ያስፈልጋል።

ግድግዳው በእርግጥ ምንም የማይሸከም፣ በጠንካራ ኮለንና ቢም መካከል የተሞላ ብቻ የሆነበት ቤትም አለ። ለዚህ የወሎን ቁልቁለት በቃሬዛ የሚወርድ በሽተኛን ማሰብ ይጠቅማል። አራት ሰዎች በትከሻቸው ይሸከማሉ፣ አምስተኛው በጎን እየሄደ ቃሬዛውን በእጁ ይይዛል። ሜዳ ላይ አምስተኛው ቢቀር ምንም አይጎድልም፤ ቁልቁለቱ ላይ የአንዱ እግር ሲንሸራተት ግን ቃሬዛው እንዳይገለበጥ የሚያደርገው እሱ ነው። በኮለኖች መካከል የተሞላው ብሎኬት ይህ አምስተኛ ሰው ነው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሲደክምም ተረኛው ትከሻውን ከሥር ሳያስገባ የደከመው አይወጣም፤ የእኛ ሠራተኞች ግን ግድግዳውን አስቀድመው አውጥተው ድጋፉን ከዚያ በኋላ ፍለጋ ይሄዳሉ። ሰው ደግሞ ሲከብደው ይናገራል፤ ብሎኬት ግን አብዛኛውን ጊዜ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ይደቅቃል።

ቁልቁለቱን ያነሣሁት በመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያት ነው። ሁለቱ ከተሞቻችን የሚገኙት በአፋር ዝቅተኛ ምድር ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው፤ በግንቦት 1953 ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ክፉኛ አፍርሷል። በሦስት ጎኑ የተዘጋና ፊት ለፊቱ ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ቤት ሲናወጥ በጠንካራው የኋላ ግድግዳ ዙሪያ ይጠመዘዛል፤ ከሁሉ በላይ የሚንገላቱት በበሩ ግራና ቀኝ ያሉት ኮለኖች ናቸው። ከጋራዡ በላይ ፎቅ ካለ አደጋው ይብሳል። መሐንዲስ የሌላውን ግድግዳ ውፍረትና ቦታ ሲጠይቅ ሥራ የሚያበዛ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ልብ ቢሉ መልካም ነው።

ደሴ ላይ የሚጨመር ሌላ ነገር አለ። ጋራዡ ተዳፋት ተቆፍሮ ከመንገዱ አቅጣጫ የተሠራ ከሆነ የኋላና የጎን ግድግዳዎቹ አፈር ይደግፋሉ፤ ክረምት ላይ አፈሩ ውኃ ሲጠግብ ግፊቱ ይጨምራል። ከበሩ ግራና ቀኝ የቀሩት ትንንሽ የግድግዳ ቁራጮች «ለምንም አይጠቅሙም» ቢባሉም የጎን ግድግዳዎቹን ጫፍ ወደ ውስጥ እንዳይገፉ የያዙት እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ። በድንጋይ ለተገነቡ አሮጌ ቤቶች ደግሞ ሊንቴሉ የግድግዳውን ሁለቱንም ፊት መሸከም አለበት፤ አለዚያ መካከል ላይ የተሞላው ስብርባሪ ድንጋይ ይዘረገፋል። የጭቃ ቤት ላይ ጥያቄው አጭር ነው፤ የሚቆረጠው ቋሚ እንጨት ላይ ያረፈው ምንድን ነው?

ስለዚህ ከማፍረስ በፊት የመሐንዲስ ምክር ያስፈልጋል። ምክር ስል «ይቻላል፣ አትስጋ» የሚል የስልክ መልስ ማለቴ አይደለም። መሐንዲሱ ቤቱ ድረስ መጥቶ የጭነቱን መንገድ መከተል፣ ጥርጣሬ ካለው ልስኑን ጥቂት አስነሥቶ ፌሮውንና ስታፋውን (ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያስረውን ቀጭን ብረት) ማየት አለበት፤ የድሮው ፕላን በእጅ ቢኖርም የተሠራው እንደ ፕላኑ ላይሆን ይችላልና። የሚሰጠው ወረቀት የቢሙን ልክ፣ የፌሮውን ብዛትና ውፍረት፣ የማረፊያውን ርዝመት፣ ከማፍረሱ በፊት ድጋፉ የት እንደሚቆምና መቼ እንደሚነሣ ይገልጻል። የቤት ማሻሻያም ፈቃድ ስለሚያስፈልገው ይኸው ወረቀት ለሕንፃ ሹም ማመልከቻውም ያገለግላል። ድጋፉ አርማታው ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ባይነካ ይመረጣል፤ ደሴ ብርድ ስለሆነች ሲሚንቶ ከኮምቦልቻው ዘግይቶ ስለሚጠነክር እዚያ ላይ አልቸኩልም።

በመጨረሻ ስለ ላሜራው በር። የበሩ ፍሬም የተሠራው በሩን እንዲይዝ እንጂ ቤቱን እንዲደግፍ አይደለም። በሩ ከተገጠመ ከወራት በኋላ አናቱ ላይ መጥበቅ ሲጀምር ብዙ ሰው በያጅ ጠርቶ ጠርዙን ያስሞርዳል፤ በዚያን ጊዜ ከበሩ በላይ ያለው ቢም መሐሉ ከጫፎቹ ምን ያህል እንደወረደ በተወጠረ ሲባጎ መለካትና ልኩን ለመሐንዲሱ መንገር ይገባል።