አይላሽና የዐይን ቆብ ብግነት በሰሜን ሸዋ

ጥር ገብቶ ሠርግ ሲበዛ በደብረ ብርሃንም በሸዋ ሮቢትም የፀጉር ቤት ወንበር በሙሽራና በሚዜ ይያዛል፤ ፀጉሩ ተሠርቶ ሲያበቃ አይላሽ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት ይለጠፋል። ሠርጉ ካለፈ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ የቆቡ ጠርዝ መቅላት፣ ማቃጠልና ጠዋት ጠዋት በአይናር መጣበቅ ከጀመረ ነገሩ የዐይን ቆብ ብግነት፣ ሐኪሞች ብሌፋራይተስ የሚሉት ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ መንስኤው አይላሹ እንዳይነቀል ተብሎ ዐይን ሳይታጠብ መክረሙ ነው።

በሽፋሽፍቱ ሥር ዘይት የሚያመነጩ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ። ዘይቱ እንባው ላይ ተንሳፍፎ ቶሎ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል። የሞተ ቆዳ፣ ላብ፣ ኩልና አቧራ እዚያ ሲከማቹ ባክቴሪያ ይራባል፣ የዕጢዎቹ አፍ ይደፈናል፣ ዘይቱም እንደ ረጋ ቅቤ ይወፍራል። ፎረፎር ያለባት ሴት ለዚህ የበለጠ ተጋላጭ ናት። የአገሩ አየርም አያግዝም፦ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የብርዱ ወራት ደረቅ ነፋስ እንባ ያደርቃል፤ የኩበትና የእንጨት ጭስ ይጨመርበታል። ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወረድ ደግሞ ላቡ ሥራውን ይሠራል። ራስ ላይ የተደረገ ለጋ ቅቤ ቀልጦ በግንባር ከወረደም ሙጫውን ያላላዋል፤ ቅቤ መቀባት ካልቀረ አይላሹ ሳይለጠፍ ቢሆን ይሻላል።

ዐይን የቀላ ሁሉ ብግነት አይደለም። አንድ በአንድ የሚለጠፈው አይላሽ ሙጫ ሳይኖአክሪሌት የሚባል ቶሎ የሚደርቅ ኬሚካል ነው፤ ሲደርቅ የሚወጣው ተን እዚያው ወንበሩ ላይ ዐይን አቃጥሎ ያስለቅሳል፣ ብዙውን ጊዜም በሰዓታት ውስጥ ይበርዳል። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ሁለቱም ቆቦች አብጠው በጣም የሚያሳክኩ ከሆነ አለርጂ መጠርጠር አለበት። አለርጂ አምስት ጊዜ በሰላም ያስለጠፈችን ሴት በስድስተኛው ሊይዛት ይችላል። ብሌፋራይተስ ግን ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው፤ በሽፋሽፍቱ ሥር ፎረፎር የመሰለ ቅርፊት ያሳያል።

አይላሽ ለብሶ ዐይንን ማጠብ ይቻላል፣ በየቀኑም ያስፈልጋል። ከተለጠፈ በኋላ የመጀመሪያውን 24 ሰዓት ከውኃና ከምጣድ እንፋሎት መራቅ የተለመደ ምክር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሰበብ የለም። ውኃው ፈልቶ ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል (ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ 3 ደቂቃ መንተክተክ አለበት)። አንድ እጅ የሕፃን ሻምፖ በአሥር እጅ ውኃ ይበጠበጣል። እጅ ከታጠበ በኋላ ዐይን ተጨፍኖ አረፋው በጣት ጫፍ ወይም በለስላሳ ብሩሽ በሽፋሽፍቱ ሥር ይታሻል፤ እንቅስቃሴው ከሥር ወደ ጫፍ ነው። በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል፣ ሳይፈተግ በሶፍት ተጫን ተጫን እየተደረገ ይደርቃል። ጥጥ አይሆንም፤ ክሩ አይላሹ ላይ ተሰክቶ ይቀርና ሲጎተት የራስን ሽፋሽፍት ይዞ ይመጣል።

ቆቡ አንዴ ካበጠ ግን አይላሹ መነሳት አለበት። ሕክምናው ሙቀትና ማሸት ስለሆነ አይላሹ እያለ በደንብ አይሠራም። የሚያነሳው ባለሙያ ነው፣ በማላቀቂያ ጄል። በጣት መጎተት ሽፋሽፍትን ከሥሩ ይነቅላል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶንማ ወደ ዐይን ሊቀርብ አይገባም። ከተነሳ በኋላ ንጹሕ ጨርቅ ሞቅ ባለ ውኃ ተነክሮ፣ መጀመሪያ በእጅ አንጓ ተሞክሮ፣ በተጨፈነ ዐይን ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቀመጣል። ጨርቁ በሁለት ደቂቃ ስለሚቀዘቅዝ ደጋግሞ መንከር ግድ ነው፤ ብዙዎች «ሞከርኩት፣ አልሠራም» የሚሉት እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ የላይኛው ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛው ወደ ላይ በቀስታ ይታሻል፣ ከዚያ ይታጠባል። ሁለት ሳምንት በቀን ሁለቴ፣ ከዚያ በኋላ በቀን አንዴ። ብግነቱ የመመላለስ ጠባይ ስላለው ቀይነቱ ሲጠፋ ማቆም አይበጅም።

ጤና ጣቢያ ቴትራሳይክሊን 1 በመቶ ቅባት ሊታዘዝ ይችላል፤ ማታ ከታጠቡ በኋላ በቆቡ ጠርዝ ይቀባል። ዴክሳሜታዞን ያለበትን ጠብታ ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ መግዛት ግን አደገኛ ነው፦ ቅላቱን በፍጥነት ያጠፋል፣ ሲቆይ የዐይን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራም ያመጣል። ኃይለኛ ሕመም፣ ብርሃን መፍራት፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም ትኩሳት ያለው እብጠት ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት ይገባል። ሙጫ ዐይን ውስጥ ከገባ ወዲያው ለ15 ደቂቃ ያህል በውኃ ታጥቦ ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል፤ የተጣበቀ ቆብ በጉልበት አይከፈትም።

የአማራ ክልል ትራኮማ፣ ማለትም ሲቆይ ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ የሚያዞር የዐይን በሽታ የጠናበት አገር ስለሆነ አንድ ነገር መታየት አለበት፦ የሚቆረቁረው አይላሹ ነው ወይስ ወደ ውስጥ የዞረ የራስ ሽፋሽፍት? በወረንጦ የተነቀለው መልሶ ይበቅላልና የዐይን ብሌን ጠባሳ እንዳይዝ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል፤ ቀዶ ሕክምናው ቀላል ነው። ሽፋሽፍቷ የታጠፈባት ሴት አይላሽ ማስለጠፍ የለባትም።

ዐይኑ ከተረጋጋ በኋላ መልሶ ማስለጠፍ የፈለገች ቀጭንና አጭር ትምረጥ፤ ሙጫው ከቆቡ ቆዳ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ። በጥቅል የሚለጠፈው ብዙ ሽፋሽፍት አንድ ላይ ስለሚያስር ሲያድጉ እርስ በርስ ይጓተታሉ። ለሠርግ ከሆነ ከቀናት በፊት ሁለት ሦስት ፍሬ አስለጥፎ 48 ሰዓት መጠበቅ ነው። አለርጂ ለያዛት ሙጫ መቀያየር ብዙ አይረዳም፣ የአብዛኞቹ መሠረት ያው ሳይኖአክሪሌት ነውና። ለእሷ የሚቀረው ማስካራ ነው፤ እሱም በየ3 ወሩ ይጣላል፣ ለሚዜም አይዋስም።