ኢግኒምብራይት ምንድን ነው? የደላንታ ኦፓል ያደረበት ድንጋይ

ወሎ፣ ደላንታ ውስጥ፣ ወገል ጤና አካባቢ፣ ገደሉን ፊት ለፊት ያየ ሰው ድንጋዩ ድርብርብ መሆኑን ያስተውላል። ጠቆር ያለው ባዛልት ነው። በመሀል በመሀሉ ገርጣ ያለው ደግሞ ኢግኒምብራይት ይባላል። የደላንታ ልጆች ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ የሚያወጡት ከዚህ ከገርጣው ነው።

ኢግኒምብራይት የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። ትኩስ አመድ፣ የድንጋይ ስብርባሪና ጋዝ ተደባልቆ መሬት ለመሬት ይጋልብና የቆመበት ቦታ ላይ ይከመራል። ክምሩ ሲጠጥር አለት ይሆናል። ቀልጦ ከሚፈሰው አለት፣ ከላቫ፣ የሚለየው በአብዛኛው በሲሊካ ነው፤ ሲሊካ የአሸዋና የብርጭቆ ዋና ንጥረ ነገር ነው። ሲሊካው ያነሰ ቅልጥ አለት ቀጭን ስለሆነ ጋዙ በቀላሉ ያመልጣል፤ እሱም ይፈስና ባዛልት ይሆናል። ሲሊካው የበዛው ግን እንደ ገንፎ ወፍራም ነው። ጋዙ መውጫ ሲያጣ ይታመቃል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ቅልጡ አለት በአየር ላይ ብትንትኑ ወጥቶ ደቃቅ ብርጭቆ ይሆናል። የእሳተ ገሞራ አመድ ከምድጃ አመድ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ከፊሉ አመድ ወደ ሰማይ ይወጣል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ጎረቤታችን አፋር ላይ ሀይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ህንድ ድረስ ሄዷል፤ በረራዎችም ተሰርዘዋል። አፍዴራ አካባቢ ያለው አርብቶ አደር ደግሞ ግጦሹ አመድ ለብሶበታል። ክፉው ግን ወደ ላይ ሳይሆን ቁልቁል የሚወርደው ነው። በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈጥን ይችላል፤ ሙቀቱም በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ነው። ሮጦ ማምለጥ የለም። በ1902 እ.ኤ.አ. ማርቲኒክ ደሴት ላይ ሴንት ፒየር የተባለችውን ከተማ እንዲህ ያለ ደመና በደቂቃዎች ውስጥ አጥፍቷታል። 28,000 ያህል ሰው አልቋል።

ወሎ ላይ ይህ የሆነው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ የሚያየው ሰው አልነበረም። ያኔ መሬቱ እየተሰነጠቀ ላቫ በላቫ ላይ ተነጠፈ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉትም ከባዛልት ወገን ከሆነ ድንጋይ ነው። በላቫው መሀል ደግሞ ፍንዳታ እየመጣ ኢግኒምብራይቱን አነባበረው።

ኦፓሉ የመጣው በኋላ፣ በውሃ ነው። ውሃ በአመዱ ብርጭቆ ውስጥ ሲሰርግ ሲሊካውን ያሟሟል። ወደ ታች ይዞት ይወርዳል። ውሃ የማያሳልፍ የሸክላ አፈር ሲገጥመው ይቆምና ሲሊካውን በየቀዳዳው ያስቀምጣል። በዓይን የማይታዩ ደቃቅ የሲሊካ ሉሎች በሥርዓት ከተደረደሩ ብርሃኑን ይከፋፍሉታል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ያብለጨልጫል። የደላንታው ኦፓል አንድ የራሱ ጠባይ አለው፦ ውሃ ይጠጣል። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቢከቱት ጠርቶ ቀለሙ ሊጠፋ ይችላል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። የገዛችሁት ድንጋይ እንዲህ ቢሆን ተጭበረበርን አትበሉ። ዘይት ግን አታስነኩት።

ኦፓሉ ለገበያ የታወቀው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው። ስንቱ ወጣት በሱ ቤት ሠርቷል፣ ስንቱስ ዋሻ ውስጥ ቀርቷል። በ2016 ዓ.ም. ዋሻ ተደርምሶ ሰዎች ውስጥ ሲቀሩ ብዙዎቻችን አልቅሰናል። እኔ ይህን ዕድል ብቻ ብሎ ማለፍ አይዋጥልኝም፤ ምክንያቱ ድንጋዩ ላይ ይታያል። ኦፓል ያለበት ንብርብር ስስ ነው፣ ያውም በስብሶ የላላ። ከላዩ የተጫነው ግን ጠንካራና ከባድ አለት ነው። ቆፋሪው ስሱን ተከትሎ ወደ ጎን ይገባል፤ በገባ ቁጥር ጣሪያውን የያዘለትን ራሱ እያወጣው ነው። ክረምት ሲሆን ደግሞ ሸክላው ውሃ ጠጥቶ ያሟልጫል። ስለዚህ ዝናብ ካባራ በኋላ መጀመሪያ መታየት ያለበት ጣሪያው ነው። አዲስ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ጠጠር ጠብ ጠብ ካለ፣ በእንጨት ሳይደገፍ ማንም አይግባ።