የጅማ የላይቭ ምሽት እና ጃዙ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ጅማ ውስጥ «ዛሬ ላይቭ አለ» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ሳምንቱ መጨረሻ፣ አንዱ ሆቴል ወይም ላውንጅ ባንድ ያስገባል፤ ዲጄው ያርፋል። ጃዝ የሚባለው የምሽቱ መጀመሪያ ነው። ድምፃዊው መድረክ እስኪወጣ ድረስ የባንዱ ልጆች በመሣሪያ ብቻ ይጫወታሉ። ስለዚህች አንድ ሰዓት ደህና ጽሑፍ ስላላገኘሁ ያለኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ከጅማ መጀመሬ ለአገሬ አድልቼ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ አድልቼ ነው። ግን የኢትዮ ጃዝ፣ ማለትም የኢትዮጵያን ዜማ ከጃዝ ያዋሐደው ሙዚቃ፣ አባት ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደው እዚሁ ነው፣ በ1936 ዓ.ም.። ምህንድስና እንዲማር ወደ ዌልስ ተላከ፤ ሙዚቃው አሸነፈው። ከዚያ ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ገባ፣ ቀጥሎ ቦስተን ወደሚገኘው በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ተሻገረ። በርክሊ የተማረ የመጀመሪያው አፍሪካዊ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ ኢትዮጵያን ኩዊንቴት ከሚባለው ቡድኑ ጋር የላቲን ምት የገባባቸው ሁለት አልበሞች አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካዊው የጃዝ ሰው ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጣም ሙላቱ አብሮት ሠርቷል። ዓለም በደንብ ያወቀው ግን ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃን በተከታታይ ሲዲ የሚያወጣው የኢትዮጲክስ አራተኛው ሲዲ ለሱ ሥራዎች ተሰጠ፣ በ2005 ደግሞ አንድ የአሜሪካ ፊልም ሙዚቃውን ተጠቀመና ወሬው ተዛመተ።

«ተወልዶ ሄደ እንጂ ጃዙን ጅማ አላስተማረችውም» የሚሉ አሉ፣ በተለይ አዲስ አበቤዎች። ሊሆን ይችላል። የተወለደበትን ግን ማንም አይቀይረውም።

ሙዚቃው ራሱ የሚገባን በቅኝት፣ ማለትም ዜማው በሚሄድባቸው የድምፅ ስልቶች፣ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፤ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። በኢትዮ ጃዝ ዜማው በነዚህ በአምስቱ ይሄዳል፣ ከሥር የሚገባው ሃርመኒ (አጃቢ ድምፅ) ግን የምዕራቡን ሙዚቃ አሥራ ሁለቱንም ድምፅ ይነካል። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ካበዛ ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል፣ ካሳነሰው ደግሞ የሠርግ ቤት ሙዚቃ ይሆናል። ሙላቱ ይህን በቫይብራፎን፣ በዱላ በሚመታ የብረት መሣሪያ፣ ይሠራዋል። እኛ ጋ ቫይብራፎን የለም፤ ኪቦርዱ ላይ ያለው የቫይብራፎን ድምፅ ይበቃናል።

በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበር አዲስ አበባ ውስጥ ክለብ የገባ ሰው በር ተዘግቶበት እስኪነጋ ይጨፍር ነበር፣ ባንዶቹም እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። ዋልያስ ባንድ ሒልተን፣ አይቤክስ ባንድ ራስ ሆቴል ይጫወቱ ነበር። የዛሬ ባንዶች ሁለት ሰዓት ተጫውተው ደከመን ሲሉ ይህን አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲህ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዝአምባ ጥሩ የጃዝ ቤት ነበር፣ በጥር 2007 ዓ.ም. ሆቴሉ ላይ በተነሳው ቃጠሎ ወደመ።

ወደ ጅማ ስንመለስ፣ ምሽቱ የሚሞላውና የሚጎድለው በቡና ነው። ከጥቅምት በኋላ ቡና ሲለቀም ገንዘቡ ከተማ ይገባል፣ ወንበር ጠፍቶ ሰው ቆሞ ይጠጣል። በሁዳዴና በረመዳን ይቀዘቅዛል፤ ጅማ የሁለቱም ጾመኞች ከተማ ስለሆነች ሁለቴ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። መግቢያ ብዙ ጊዜ አይከፈልም፣ ቢራው ላይ ትጨመራለች። ጃዙ ላይ ሰው ያወራል፤ የአሊ ቢራ ዜማ በሳክስፎን ሲጀመር ግን ጠረጴዛው ሁሉ ዝም ይላል፣ ከዚያ ግጥሙን ራሱ ይዘፍነዋል። ለኔ የምሽቱ ምርጥ ደቂቃ እሱ ነው፣ አይ ያለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ሽልማቱም የራሱ ጣጣ አለው። ድምፃዊ ቢሆን ብሩ ግንባር ላይ ይለጠፋል፣ አለቀ። ሳክስፎን ተጫዋች ግን ጉንጩን ነፍቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ሁለቱም እጁ ተይዟል። መቶ ብሯ ትለጠፋለች፣ ሁለት ምት ሳይሞላ ትወድቃለች፣ ከበሮ መቺው በእግሩ ወደራሱ ይስባታል። በኋላ ሲካፈሉ ትንሽ ጭቅጭቅ አይጠፋም።

መብራትም ይሄዳል። ያኔ ኪቦርዱ፣ ቤዙ፣ ጊታሩ አንድ ላይ ጭጭ ይላሉ፤ ከበሮና ሳክስፎን ብቻ ይቀራሉ። ባለሙያዎቹ አያቆሙም። ጀነሬተሩ እስኪነሳ ባለው ጊዜ ሁለቱ በጨለማ ይጠያየቃሉ፣ አስተናጋጇ በስልኳ መብራት እያበራች ሒሳብ ትሰበስባለች።